ለነርቭ ሕመም ከቆዳ ሥር የሚቀበር የኤሌክትሪክ መሣሪያ፦ እናቴ ትቀበል ወይስ ትተው?

ጥያቄ፦ እናቴ 66 ዓመቷ ነው፤ የምትኖረው እኔ ጋ ሜሪላንድ ነው። ለዲስክ መንሸራተት ሁለት ጊዜ ወገቧን ቀዶ ሕክምና ተደርጎላታል። ከሁለተኛው ወዲህ ግራ እግሯ ከመቀመጫዋ ጀምሮ እስከ አውራ ጣቷ ያቃጥላታል፤ ሌሊት አያስተኛትም። ለነርቭ ሕመም የታዘዘላት ጋባፔንቲን የሚባል መድኃኒት ያዞራታል። ጀርባዋ ላይ ሦስት ጊዜ መርፌ ተወግታ ነበር፤ የጠቀማት ለሳምንታት ብቻ ነው። አሁን ሐኪሟ «ስፓይናል ኮርድ ስቲሙሌተር» የሚባል ባትሪ ያለው መሣሪያ እንትከል አለን። ስኳር አለባት፤ አስፒሪንም ትወስዳለች። ኢንሹራንሷ ሜዲኬር ነው። በዓመት ሦስት አራት ወር አዲስ አበባ ትቀመጣለች። ትቀበል?

ምላሽ፦

ከቋሚው ተከላ በፊት ለጥቂት ቀናት የሚደረገውን ሙከራ ይቀበሉ። ቋሚውን ግን ሙከራው በቁጥር ካልመሰከረለት አይፈርሙ። ሁለቱ የተለያዩ ውሳኔዎች ናቸው፤ ሰው የሚቆጨው አብዛኛውን ጊዜ እንደ አንድ ቆጥሮ ሲገባበት ነው።

በቅድሚያ ሕመሙን እንለየው። ይህ መሣሪያ የሚረዳው ነርቭ ራሱ ተጎድቶ ለሚያመጣው ሕመም ነው። እንዲህ ያለውን ሕመም ሰው «ያቃጥለኛል»፣ «እንደ መርፌ ይወጋኛል»፣ «እንደ ኤሌክትሪክ ይነዝረኛል»፣ «አንሶላ ሲነካኝ እንኳ አልችልም» ብሎ ነው የሚገልጸው፤ አካሄዱም በአንድ መስመር ከመቀመጫ ወደ እግር ይወርዳል። «ይቆረጥመኛል»፣ «ወገቤን ይይዘኛል»፣ «ጎንበስ ካልኩ ቀና ማለት አልችልም» የሚባለው ግን በአብዛኛው ከመገጣጠሚያ፣ ከጡንቻ ወይም ከዲስክ የሚመጣ ነው፤ ለዚያ መሣሪያው ብዙም አይታመንበትም። ከሁለት ቀዶ ሕክምና በኋላ ሁለቱ ተደባልቀው መገኘታቸው የተለመደ ስለሆነ እናትዎን አንድ ጥያቄ ይጠይቋቸው፦ «ሕመሙ ከመቶ ስንቱ እግር ነው፣ ስንቱ ወገብ?» «ሰባ ሰማንያው እግሬ ነው» ካሉ ጥሩ ነው። «እግሬስ ይቻል ነበር፣ የገደለኝ ወገቤ ነው» ካሉ ግን ሐኪሙ ይህን ከአፋቸው መስማት አለበት።

ሌላም ከዚያ በፊት የሚቀድም ነገር አለ። ከሁለተኛው ቀዶ ሕክምና በኋላ የተነሳ ኤምአርአይ ከሌላቸው ይነሱ። ዲስኩ ዳግመኛ ወጥቶ ነርቩን እየተጫነ ከሆነ ወይም አጥንቱ እየተንሸራተተ ከሆነ፣ ሊስተካከል የሚችል ነገር ላይ ኤሌክትሪክ መደረብ ሕመሙን ሸፍኖ ጉዳቱን ማሳደግ ነው። በዚያውም የደረት አከርካሪያቸው ይታይ፤ የመሣሪያው ሽቦ የሚያልፍበት ቦታ ጠባብ ከሆነ አስቀድሞ መታወቅ አለበት።

አሠራሩ እንዲህ ነው። (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።) በ1965 ሜልዛክ እና ዎል የተባሉ ተመራማሪዎች ሕብለ ሰረሰር ውስጥ ሕመምን የሚያሳልፍና የሚያግድ «በር» አለ የሚል ሐሳብ አቀረቡ፤ የተጋጨ ጉልበታችንን ስናሸው የሚቀለን የንክኪ ስሜት ያንን በር ስለሚዘጋው ነው የሚል። በ1967 ኖርማን ሺሊ የተባለ የነርቭ ቀዶ ሐኪም ክሊቭላንድ ውስጥ ይህን ተከትሎ የመጀመሪያውን መሣሪያ በካንሰር ሕመም ለሚሰቃይ ሰው ተከለ። ዛሬ ያለው የዚያ ልጅ ነው። ስምንት ስምንት የብረት ቀለበት ያላቸው፣ ከፓስታ ክር የቀጠኑ፣ 1.3 ሚሊ ሜትር ያህል ውፍረት ያላቸው ሁለት ሽቦዎች ከሕብለ ሰረሰሩ ሽፋን በስተውጭ ይቀመጣሉ፤ እናትዎ መርፌ የተወጉበት ኤፒዱራል የሚባለው ክፍተት ማለት ነው። ሽቦዎቹ ከቆዳ ሥር ተጉዘው ከመቀመጫ በላይ ከሚቀበረው ባትሪ ጋር ይገናኛሉ። የሚታመመው እግር ሆኖ ሳለ የሽቦው ጫፍ የሚደርሰው ግን ጀርባ ላይ ነው፤ 8ኛውና 9ኛው የደረት አከርካሪ፣ ማለትም የጡት መያዣ ማሰሪያ ከሚያርፍበት ብዙም ሳይርቅ። ሕብለ ሰረሰሩ ወገብ መጀመሪያ ላይ ስለሚያልቅ የእግር ነርቮችን ሰብስቦ ማግኘት የሚቻለው እዚያ ላይ ነው። ለእናትዎ ይህ መልካም ነው፤ መርፌው የሚገባው ብዙ ጊዜ በ1ኛውና በ2ኛው የወገብ አከርካሪ መካከል ስለሆነ ጠባሳው ካለበት ከታችኛው ወገብ በላይ ይሆናል።

የሚላከው ኤሌክትሪክ አንድ ዓይነት አይደለም። የቆየው ስልት በሴኮንድ ከ40 እስከ 60 ጊዜ ይመታል፤ በሕመሙ ቦታ ላይ የመውረር ስሜት ይፈጥራል። «በርስት» የሚባለው አምስት አምስት ምት አከታትሎ እየሰደደ ያርፋል። ከ2015 ጀምሮ በአሜሪካ የተፈቀደው በሴኮንድ 10,000 ጊዜ የሚመታው ደግሞ ምንም ስሜት የለውም፤ በ2021 ደግሞ ለስኳር ሕመምተኞች የእግር ነርቭ ሕመምም ተፈቅዶለታል። የእናትዎ ስኳር እግራቸውን ነክቶት ከሆነ (ሁለቱም እግሮች ከጣት ጀምሮ እኩል ማቃጠላቸው ምልክቱ ነው) ይህን ለሐኪሙ ያንሱበት። በተረፈ የአምራቾቹ ፉክክር አያደናግራችሁ፤ የሐኪሙ እጅና የታማሚው አመራረጥ ከመሣሪያው ስም ይበልጣሉ።

ማስረጃው ምን ይላል? እውነቱ ይነገርና፣ የተከፋፈለ ነው። በ2007 የወጣው ፕሮሰስ የተባለው ጥናት ልክ እንደ እናትዎ ከወገብ ቀዶ ሕክምና በኋላ እግራቸውን የሚያማቸው 100 ሰዎች ላይ ተካሂዶ ነበር። ከስድስት ወር በኋላ መሣሪያው ከተተከለላቸው 48 በመቶው የእግር ሕመማቸው በግማሽ ወይም ከዚያ በላይ ቀነሰ፤ በመድኃኒት ብቻ ከቀጠሉት ይህን ያገኙት 9 በመቶ ናቸው። ሕክምናዎችን የሚገመግመው የእንግሊዙ ተቋም ናይስ በ2008 መሣሪያውን ለነርቭ ሕመም የፈቀደው እንዲህ ባለ ውጤት ተመርኩዞ ነው። ነገር ግን ጥናቱን የደገፈው አምራቹ ነው፤ ታማሚዎቹም መሣሪያው እንዳላቸው ያውቁ ነበር። በ2022 ኖርዌይ ውስጥ 50 ሰዎች ላይ፣ ሁሉም መሣሪያው ተተክሎላቸው፣ መቼ እንደሚበራና መቼ እንደሚጠፋ ሳያውቁ ሲፈተኑ በበርስት ስልት የበራውና የጠፋው ልዩነት አላሳዩም። በርስቱ የተስተካከለበት መንገድ ከተለመደው ይለያል የሚል ትችት ቀርቦበታል፤ ትችቱ ተገቢ ቢሆንም ጥናቱን ገሸሽ ለማድረግ አይበቃም። በ2023 የወጣው፣ ጥናቶችን አሰባስቦ የሚመዝነው የኮክሬን ግምገማም ለወገብ ሕመም ከምርምር ውጪ እንዲሰጥ የሚያበቃ ማስረጃ የለም ብሏል።

ከዚህ ሁሉ የሚወጣው ትርጉም አንድ ነው፦ የሚጠቀሙ ሰዎች አሉ፣ ማን እንደሚጠቀም ግን አስቀድሞ የሚናገር ምርመራ የለም። ስለዚህ ሙከራው ላይ እንቆይ።

ሙከራው ከ3 እስከ 10 ቀን፣ ብዙ ጊዜ ከ5 እስከ 7 ቀን ይቆያል። እናትዎ በሆዳቸው ይተኛሉ፤ ቆዳው ይደነዝዛል፤ በተንቀሳቃሽ ኤክስሬይ እየታየ 2 ሚሊ ሜትር ውፍረት ባለው መርፌ ሽቦው ይገባል። ውጪ የሚቀረው ጫፍ ጀርባ ላይ በፕላስተር ይለጠፍና ቀበቶ ላይ ከሚንጠለጠል ትንሽ መሣሪያ ጋር ይያያዛል። ሲያበቃ ክሊኒክ ውስጥ በደቂቃዎች ተስቦ ይወጣል። መስፈርቱ ሕመሙ ቢያንስ በግማሽ መቀነሱ ነው።

ችግሩ «ቀለለኝ» የሚለው ቃል ነው። ሰባት ቀን ሙሉ የሚንከባከብ ልጅ አጠገባቸው አለ፣ ሐኪም ይደውላል፣ ተስፋ አለ፤ ይህ በራሱ ሕመም ይቀንሳል። የእኛ እናቶች ደግሞ የሐኪም ልፋት ከንቱ እንዳይቀር «ተመስገን፣ ይሻላል» ማለት ይቀናቸዋል። ስለዚህ ከሙከራው በፊት ባሉት ሰባት ቀናት አንድ ደብተር ይክፈቱ፦ ሌሊት ስንት ሰዓት ተኙ፣ ስንት ጊዜ ነቁ፤ ሳይቀመጡ ስንት ደቂቃ ተራመዱ፤ ቆመው እንጀራ ሲጋግሩ ከስንተኛው እንጀራ በኋላ ወንበር ፈለጉ፤ ማታ ሕመሙ ከ10 ስንት ነበር። በሙከራው ሳምንትም ይህንኑ በየቀኑ ይጻፉ። የመጀመሪያዎቹን ሁለት ቀናት አይቁጠሯቸው፤ ማደንዘዣው፣ የቁስሉ ሕመምና ደስታው ተደባልቀው ነው የሚታዩት። የመድኃኒቱን መጠን በዚያ ሳምንት አይቀይሩ፤ ከቀየሩ የቀነሰው በየትኛው እንደሆነ አይታወቅም። ሐኪሙ ከተስማማ በመጨረሻው ቀን መሣሪያው እንዲጠፋ ይጠይቁ። ሕመሙ ከተመለሰ ትልቅ ማስረጃ አገኙ ማለት ነው። ካልተመለሰ ደግሞ ቋሚውን ለመትከል አይቸኩሉ።

የአሜሪካው የምግብና መድኃኒት አስተዳደር በመስከረም 2020 ለሐኪሞች በጻፈው ደብዳቤ ያሳሰበው ይህንኑ ነው፤ ሳይሞከር አይተከል። ሜዲኬርም የሚከፍለው ሌላው ሕክምና ሁሉ ተሞክሮ ያልረዳ ሲሆን፣ ሙከራው ሲሳካና የሥነ ልቦና ምዘና ሲደረግ ነው። ምዘናውን «እብድ አሉኝ» ብለው እንዳይቀየሙ አስቀድመው ይንገሯቸው፤ ሁሉም የሚያልፍበት በር ነው።

አሁን በቋንቋ ምክንያት የሚፈጠር አደጋ። ሽቦው ሲቀመጥ ታማሚው በከፊል ነቅቶ «የት ይሰማዎታል?» ይባላል። አማርኛ ላይ «ደነዘዘኝ» ስንል አንዳንዴ መውረሩን፣ አንዳንዴ ስሜት ማጣቱን እንናገራለን። ለሐኪሙ ግን የሰማይና የምድር ያህል ይራራቃሉ፦ መውረር የሚፈለገው ውጤት ነው፤ ከቀዶ ሕክምና በኋላ አዲስ ስሜት ማጣት ደግሞ ሕብለ ሰረሰሩን የሚጫን ደም እየተጠራቀመ መሆኑን ሊያመለክት የሚችል ድንገተኛ ነገር ነው። ቀደም ብለው ከእናትዎ ጋር ቃል ይስማሙ፦ «ይወረኛል»፣ «ሲነኩኝ አይሰማኝም»፣ «ነዘረኝ»። ሆስፒታሉ ባለሙያ አስተርጓሚ በነጻ እንዲያቀርብ የመጠየቅ መብት አላችሁ፤ የልጅ ትርጉም እዚያ ክፍል ውስጥ አይበቃም። የኤሌክትሪኩን ስልት ለማስተካከል ደግሞ ብዙ ጊዜ የሚመጣው ሐኪም ሳይሆን የአምራቹ ሠራተኛ ነው፤ ሙያው ጥሩ ሊሆን ይችላል፣ ግን ሻጭም መሆኑን አይርሱ።

ከሙከራውም ከተከላውም በፊት ሁለት ነገሮች ይስተካከሉ። አስፒሪን ለዚህ ዓይነት ሥራ ብዙ ጊዜ ወደ ስድስት ቀን ያህል ቀደም ብሎ ይቆማል፤ ነገር ግን ለልብ ስቴንት (የደም ሥር ማስፊያ ቱቦ) ወይም ከስትሮክ በኋላ የታዘዘ ከሆነ ያዘዘው ሐኪም ሳይፈቅድ በራሳችሁ አታቁሙት። ስኳሩ ደግሞ የሦስት ወሩ ምርመራ (ኤዋንሲ) ከ8 በመቶ በታች ቢሆን ይመረጣል፤ ከፍ ያለ ስኳር ኢንፌክሽን ይጋብዛል፣ የተበከለ መሣሪያ ደግሞ በመድኃኒት ብቻ አይድንም፤ አብዛኛውን ጊዜ ሁሉም ይወጣል።

ቋሚው ተከላ አንድ ሁለት ሰዓት ይፈጃል፤ ሁለት ቦታ ይቀደዳል፣ አንዱ ጀርባ መሐል ሽቦው የሚታሰርበት፣ ሌላው የባትሪው ኪስ። የኪሱን ቦታ ሐኪሙ ተቀምጠው ሳሉ በእስክሪብቶ ምልክት ያድርግበት፤ ታማሚው ከተኛ በኋላ የተመረጠ ቦታ ሲቀመጡ ወንበር ላይ ያርፋል። እናትዎ መቀነት የሚያስሩ ከሆነ ያን ዕለት አስረው ይሂዱ፤ ባትሪው መቀነቱ በሚያጠብቅበት መስመር ላይ ከዋለ ለዓመታት ይፈገፍጋቸዋል። በየትኛው ጎን እንደሚተኙም ይንገሩ።

ሽቦው ቦታውን የሚይዘው ጠባሳ ሲከበው ነው፤ ይህ ከ6 እስከ 8 ሳምንት ይወስዳል። እስከዚያ ድረስ ጎንበስ ማለት፣ ወገብ መጠምዘዝ፣ እጅን ከትከሻ በላይ መዘርጋት፣ ከ2 ኪሎ ግራም የበለጠ ማንሳት ክልክል ነው። በተግባር ሲተረጎም፦ ስግደት የለም፤ ቆመው ወይም ተቀምጠው ይጸልዩ። ዝቅ ባለች በርጩማ ላይ ተቀምጦ ቡና ማፍላት የለም፤ ረከቦቱ ጠረጴዛ ላይ ይውጣ። ቁስሉ ሙሉ በሙሉ እስኪዘጋ ጠበል መጠመቅ የለም፤ በሙከራው ሳምንት ደግሞ ጀርባን ውኃ ማስነካት ጨርሶ አይቻልም። ከዳኑ በኋላ ጠበሉም ስግደቱም (ቀስ ተብሎ) ይመለሳል። ኤሌክትሪኩ ውኃ ውስጥ ይይዘኛል ብለው አይስጉ፤ መሣሪያው የታሸገ ነው።

በብዛት የሚበላሸው ሽቦው ነው። ከቦታው ከሸሸ መውረሩ ከእግር ወጥቶ ጎድን ወይም ሆድ ላይ ይሰማል፣ ወይም ድንገት ይጠፋል። ከፊትና ከጎን ኤክስሬይ ተነስቶ ከቀዶ ሕክምናው ዕለት ምስል ጋር ይነጻጸራል፤ አንድ አከርካሪ ያህል ብቻ ወርዶ ከሆነ ሌሎቹን ቀለበቶች በማብራት ያለ ቢላዋ ማስተካከል ይቻላል፤ ካልሆነ እንደገና ይቀደዳል። ከተሰበረ መሣሪያው ራሱ የየቀለበቱን ኤሌክትሪካዊ ተቃውሞ ሲለካ ያሳብቅበታል። መውረር ባለው ስልት ጀርባ ላይ ሲተኙ መጠንከሩ፣ ሲቆሙ መድከሙ ግን ብልሽት አይደለም፤ ስንተኛ ሕብለ ሰረሰሩ ወደ ሽቦው ስለሚጠጋ ነው፣ ከመተኛት በፊት በሪሞቱ ዝቅ ማድረግ ይበቃል። ሌላው ችግር ከዓመት ሁለት ዓመት በኋላ ጥቅሙ መደብዘዙ ነው፤ ስልቱን መቀየር አንዳንዴ ይረዳል፣ አንዳንዴ አይረዳም።

በዚያው ቀን ድንገተኛ ክፍል የሚያስኬዱ፦ እግር መክበድ ወይም መዛል፣ ሱሪ የሚቀመጥበት ቦታ ስሜት ማጣት፣ ሽንት አለመምጣት ወይም ማምለጥ። እዚህ ላይ የሚቆጠረው በሰዓት ነው፤ «ይደር» አይባልም። ትኩሳት፣ መቅላት ወይም ከቁስሉ ፈሳሽ ከመጣ ለተከለው ሐኪም ይደወል፤ ሌላ ሰው ኪሱን በመርፌ እንዳይወጋው። ቀና ሲሉ የሚብስ፣ ሲተኙ የሚቀል ራስ ምታት ደግሞ ሽፋኑ ተበስቶ ፈሳሽ እየወጣ መሆኑን ያሳያል፤ ሕክምና አለው።

አዲስ አበባን በተመለከተ። ቋሚው ከተተከለ በኋላ ሦስት ወር እስኪሞላ አይጓዙ፤ አብዛኛው የሽቦ ሽሽትና ኢንፌክሽን በዚያ ጊዜ ውስጥ ራሱን ያሳያል። መሣሪያውን የሚያነበው የራሱ አምራች ፕሮግራመር (የማስተካከያ መሣሪያ) ብቻ ስለሆነ፣ አምራቹ አዲስ አበባ ውስጥ የሚደውሉለት ሰው እንዳለው ከመፈረም በፊት በጽሑፍ ይጠይቁ። ባትሪው ሁለት ዓይነት ነው፦ የማይሞላው በአጠቃቀሙ መጠን ከ2 እስከ 5 ዓመት አካባቢ አገልግሎ በቀዶ ሕክምና ይለወጣል፤ የሚሞላው 10 ዓመት ገደማ ይሄዳል፣ ግን በየቀኑ ወይም በየሳምንቱ ቻርጀሩን ኪሱ ላይ አስደግፎ መሙላት ይፈልጋል። ቴክኖሎጂ ለሚያስጨንቃቸው እናት፣ መብራት በሚጠፋበት ከተማ ለወራት ለሚቀመጡ፣ የማይሞላውን እኔ አስቀድማለሁ፤ የሚሞላው ከተመረጠ ግማሽ ሲደርስ መሙላት ይለመድ፣ እንቅልፍ ላይ ሆነው አይሙሉ፣ ባዶ ቆዳ ላይም አያሳርፉት፣ ያቃጥላል። ቻርጀሩ ላይ ከ100 እስከ 240 ቮልት የሚል መጻፉን ያረጋግጡ፤ 120 ብቻ የሚል ከሆነ የአዲስ አበባ ሶኬት ያቃጥለዋል።

ከመሣሪያው ጋር የሚሰጠው መታወቂያ ካርድ ቦሌ ላይ ብቻ የሚወጣ አይደለም፤ በየሆቴሉና በየገበያ ማዕከሉ በር ፍተሻ አለ። ካርዱን አሳይተው በእጅ ይፈተሹ፤ በሩ ውስጥ የግድ ማለፍ ካለባቸው መሣሪያውን አጥፍተው ሳይቆሙ ይለፉ፤ የእጅ መፈተሻው ባትሪው ላይ እንዳይቆይ ይንገሩ። ኤምአርአይ ከታዘዘላቸው የባትሪውም የሽቦውም ሞዴል ቁጥር ከማሽኑ ጥንካሬ ጋር ይመሳከራል (ብዙዎቹ የሚፈቅዱት 1.5 ቴስላ ነው)፣ ከመግባታቸው በፊትም በሪሞቱ የኤምአርአይ ሁነታ ላይ ይደረጋል። የቀዶ ሕክምናውን ሪፖርትና የሽቦውን ኤክስሬይ ስልክዎ ላይም የእሳቸው ስልክ ላይም ያስቀምጡ።

በጣም የምፈራው ግን የፊዚዮቴራፒውን ክፍል ነው። ሾርትዌቭ ወይም ዲያተርሚ የሚባለው የጥልቅ ሙቀት ሕክምና ጉልበታቸውን ወይም ትከሻቸውን ለማከም ቢሆንም እንኳ፣ መሣሪያው ጠፍቶም ቢሆን፣ ፈጽሞ አይደረግላቸው፤ ኃይሉ በሽቦው ተጉዞ ሕብለ ሰረሰሩ አጠገብ ያለውን ሥጋ ያበስለዋል። ወጌሻ ጋ ከሄዱም ጀርባና ኪሱ አይታሽም። ይህን በአማርኛ በትልቁ ጽፈው ከካርዱ ጋር በአንድ ፕላስቲክ ያሽጉላቸው፤ ካርዱ የተጻፈው በእንግሊዝኛ ነው፣ እሳቸው ራሳቸውን ስተው ቢወድቁ የሚያነብላቸው ጎረቤት ይኖራል።